በሰባተኛው ወረቀት ጠርዝ የተጻፉት ሦስት ቃላት

ኅዳር 19 ቀን፣ ሐሙስ። ከመስኮቱ ሁለተኛ በሆነው የንድፍ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር ተይዞ ተዘርግቷል። ግርጌው ላይ «ታጣፊ መወጣጫ ደረጃ፣ ወረቀት ቁጥር 7፣ ማሻሻያ 3» ይላል። በቀኝ ጠርዙ፣ ማስታወሻ በሚጻፍበት ቦታ፣ በእርሳስ የተጀመረ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ደረጃው ወደ ላይ ታጥፎ ሲያበቃ ብቻ መብራቱ»። እዚያ ላይ ይቆማል። ግሡ የለም። የጻፈው ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እርሳሱን አስቀምጦ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ «ጠዋት እጨርሰዋለሁ» ብሎ ወጣ። በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ዐረፍተ ነገር አጋምሶ ሲነሣ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሙያው የባቡር ፉርጎ ደረጃ መንደፍ ነበር። ሌሎቹ ወንበር ነደፉ፣ መስኮት ነደፉ፤ አንዱማ ዕድሜውን ሙሉ የመጸዳጃ ቤት በር ሲነድፍ ኖሮ በጡረታ ተሰናብቷል። የእሱ ድርሻ ደረጃ ነበር። «የእኔ ሥራ የሚረገጥ ነው» ይል ነበር፤ «ቀና ብሎ የሚያመሰግነኝ የለም፤ ጎንበስ ብሎ ያየኝ ካለ ደግሞ ወድቋል ማለት ነው።» ሁሉን ነገር በሚሊሜትር ስለሚናገር ወላጆቹ ያወጡለት ስም ተረስቶ «ጋሽ ሚሊ» ሆኖ ቀረ። ምሳ ቤት ሰው ወንበር ሲያጋራው «አርባ ሚሊ ወደ ግራ» ይላል። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ቀሚሷን አሳጥራ መጥታ «ልብስ ሰፊው ሦስት ጣት ነው የቆረጥኩት ብሎኛል» ብትለው፣ «የማን ጣት?» ብሎ ሜትር ፍለጋ ተነሥቷል።

የደረጃው ቁመት ከእሷ ነው የመጣው። ባለቤቱ መምህርት ናት፤ በየጠዋቱ በባቡር ሦስት ጣቢያ ተጉዛ ታስተምራለች። ቀኝ ጉልበቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አልታጠፍ ያለ ነው። ደረጃው ገና በሐሳብ ደረጃ ላይ ሳለ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ መዝገበ ቃላትና የሒሳብ መጻሕፍት እየደረደረ ያስወጣት ነበር።

«ይሄስ?»

«ደህና ነው።»

«ፊትሽ ደህና አላለም። አንድ መጽሐፍ ልቀንስ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ ነው ወይስ ለመንግሥት ነው የምትሠራው?»

«አንቺ ከወጣሽ ሁሉም ይወጣል።»

ሁለት መቶ አሥር ሚሊሜትር ላይ ፊቷ ሳይጨማደድ ወጣች። ቁጥሩ በንድፉ ላይ ሰፈረ፤ አጽዳቂዎቹም ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ፈረሙበት።

በዚያ መሥመር ላይ ያሉ ጣቢያዎች እኩል አይደሉም። የአንዳንዶቹ መሳፈሪያ ከፍ ያለ ስለሆነ ተሳፋሪው ከፉርጎው ወለል ቀጥ ብሎ ይራመዳል። የሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው፤ ያለ ደረጃ መውረድ መዝለል ነው። ቋሚ ደረጃ ቢገጠም ከፍ ያለውን መሳፈሪያ ይገጨዋል። ስለዚህ ጋሽ ሚሊ የሚታጠፍ ደረጃ ነደፈ። ነጂው ዝቅተኛ መሳፈሪያ ሲደርስ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ደረጃው ይዘረጋል፤ ሊነሣ ሲል ሌላውን ይጫናል፣ ደረጃው ከወለሉ ሥር ይታጠፋል። በሞላ የሚገፋ የብረት ፒን አለው፤ ደረጃው ተዘርግቶ ሰው ሲረግጠው እንዳይወዛወዝ ታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ታጥፎ ሲሄድ እንዳይወድቅ ደግሞ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ሰው ቆሞበት ከሆነ ደረጃው ከክብደቱ የተነሣ አይታጠፍም። ነጂው ደግሞ ከፊት ሆኖ ይህን ማየት አይችልም። ለዚህ ሲባል በነጂው ክፍል አንዲት አረንጓዴ መብራት ተደረገች፤ ሁሉም ደረጃ ታጥፎ ካላለቀ አትበራም፣ ካልበራች ባቡሩ አይነሣም።

ቢያንስ ጋሽ ሚሊ ያሰበው እንዲህ ነበር። በወረቀት ቁጥር 7 ጠርዝ ላይ የጻፈው ግን ሦስት ቃል ነው፦ «ሲገባ መብራቱ ይብራ።»

ኅዳር 3 ቀን፣ ማክሰኞ፣ አንድ አንጋፋ ባቡር ነጂ ንድፍ ክፍሉ ድረስ መጥቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«ሚሊ፣ መብራትህ ይዋሻል።»

«ቀስ በል እንጂ! ወረቀቴን!»

ጋዜጣው ውስጥ የተጨማደደ የላሜራ ቁራጭ ነበር፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ቀለም አለው። ጋሽ ሚሊ የራሱን ደረጃ ከንፈር ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገውም።

«ሳይታጠፍ ነዳኸው?»

«መብራቱ በርቶ ነዋ! አንዷ ሴትዮ ድንጋይ የሚያህል ሻንጣ ደረጃው ላይ ትታ፣ ልጆቿን ቁጭ አድርጌ ልመለስ ብላ ገብታለች። እኔ ምን አውቄ፣ መብራቱን አየሁ፣ ሄድኩ። ቀጣዩ ጣቢያ ስንደርስ ደረጃህ የመሳፈሪያውን ግንብ ላጠው። ሻንጣው እስከዚያ ድረስ ውጭ ተንጠልጥሎ መጣልህ። ያለ ትኬት!»

ነጂው በራሱ ቀልድ ሳቀ። ጋሽ ሚሊ ላሜራውን እያገላበጠ ቆየ።

«ሻንጣው ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ምነው፣ ሚዛን ይዤ ልንዳ እንዴ?»

«ሰው ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ነው።»

የነጂው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሚሊ ወደ ጥገና ግቢው ወረደና መብራቶቹን የዘረጋውን ኤሌክትሪሺያን ጠራው። ቶሎ ስለሚግል «ፊውዝ» ይሉታል። ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ ተቀጥረው የገቡትም በአንድ ሳምንት ነው። ፊውዝ ነጂው ክፍል ገባ፤ ጋሽ ሚሊ በተዘረጋው ደረጃ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ።

«እጠፈው!»

ፒኑ ጠቅ ብሎ ወጣ። ደረጃው ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ሊነሣ ታገለ፣ አቃተው። ፒኑ ጠቅ ብሎ ተመልሶ ታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

«መብራቱስ?» ብሎ ጮኸ።

«ጥፍት ብሎ በርቷል!»

«እንዴት ይበራል? ቆሜበት!»

«ገብቷላ!»

«ምኑ?»

«ፒኑ ነዋ!»

«ስለ ፒኑ ማን አወራ? ደረጃው ነው እንጂ!»

ፊውዝ ከነጂው ክፍል ዘሎ ወረደ። እየተቆጣ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄዶ ግራሶ የጠጣ የወረቀት ቁጥር 7 ቅጂ ይዞ ተመለሰ። «ይኸው፣ የገዛ እጅህ ጽሑፍ! ‹ሲገባ መብራቱ ይብራ።› ደረጃ የሚል ታያለህ? ወረቀቱ ላይ የተሣለው ምንድን ነው? ፒን ከነቀዳዳው! ታዲያ ምን ይግባልህ?»

ጋሽ ሚሊ ጽሑፉን አየው። ንድፍ ክፍል ውስጥ ደረጃ ሲዘረጋ «ወጣ»፣ ሲታጠፍ «ገባ» ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ ነገር ብለው አያውቁም። ኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚገባው ፒን ነው፣ ሶኬት ነው፣ ብሎን ነው። ሦስቱ ቃላት ማን እንደሚገባ አይናገሩም። ፊውዝ መብራቱን የሚያበራውን ኮንታክት ፒኑ ላይ አደረገው። ፒኑ ደግሞ ላይም ታችም ይገባል።

«ወረቀቱን ስሰጥህ እኮ ‹ገባህ ወይ?› ብዬህ ነበር» አለ ጋሽ ሚሊ ቀስ ብሎ።

«እኔም ‹ገባኝ› አልኩህ። ገብቶኝ ነበራ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ለሳምንት ይሥቁበት ነበር። ፊውዝ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ስንት ደረጃ ነው የተገጠመው?»

«ሠላሳ ስድስት ፉርጎ። አንድ መቶ አርባ አራት ደረጃ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ሰው አልገደለም?»

ጋሽ ሚሊ መልሱን ያውቅ ነበር። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በእያንዳንዱ ባቡር ጅራት ላይ ፊሽካ የያዘ ረዳት ነበረ፤ ደረጃዎቹን በዓይኑ አይቶ ካልነፋ ባቡሩ አይነሣም። ከመስከረም 1 ጀምሮ ረዳቶቹ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ለነጂዎቹ የደረሳቸው ደብዳቤም «አረንጓዴው መብራት ሲበራ ይነሣሉ» ይላል። ደብዳቤው ላይ በአባሪነት የተያያዘው ወረቀት ቁጥር 7 ነው።

በማግሥቱ ለክፍሉ ኃላፊ ነገረው። ኃላፊው በዕድሜ ያንሰዋል፤ ሰው አክባሪ፣ ቀጠሮ አክባሪ፣ ፊርማ አክባሪ ነው።

«ጋሽ ሚሊ፣ ይቀመጡ እስቲ። ሰው ተጎድቷል?»

«አልተጎዳም።»

«ስለዚህ ችግሩ ያለው ማስታወሻው ላይ ነው።»

«ችግሩ ያለው ባቡሩ ላይ ነው፣ አለቃ። ማስታወሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባቡሩ ይቁምና እኔን ይቅጡኝ።»

«ለአንድ ቃል ብዬ ሠላሳ ስድስት ፉርጎ ላቁም? ማሻሻያ ያዘጋጁ። ሐሙስ ኮሚቴው ያየዋል፤ በሚቀጥለው ጥገና ይስተካከላል።»

«የሚቀጥለው ጥገና መጋቢት ነው።»

«እስከዚያ ነጂዎቹ ጥንቃቄ ያድርጉ።»

«ማን ነገራቸው?»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከደነ። ሐሙስ ኮሚቴው አልተሰበሰበም፤ ሁለቱ አባላት መስክ ነበሩ። ወደሚቀጥለው ሐሙስ ተላለፈ። የሚቀጥለው ሐሙስ ኅዳር 12 ነበር፤ እሱም ተላለፈ። ኮሚቴው ባላየው ማሻሻያ ላይ ኃላፊው ሁለት ጊዜ እርማት ጠየቀ፤ አንዱ ስለ ፊደሉ መጠን ነው።

ከኅዳር 4 ጀምሮ ጋሽ ሚሊ ባለቤቱን እየሸኘ ወደ ጣቢያ መሄድ ጀመረ። የሚሳፈሩበት መሳፈሪያ ዝቅተኛ ነው። እሷ ግራ እግሯን አስቀድማ ስትወጣ እሱ እታች ቆሞ፣ አንድ እጁን ወደ ነጂው አንሥቶ፣ የመጨረሻው ሰው ጨርሶ እስኪገባ ድረስ ይጠብቃል። ደረጃው ታጥፎ ፒኑ ሲጮኽ ብቻ እጁን ያወርዳል። ተሳፋሪዎች ጣቢያው አዲስ ሠራተኛ ቀጠረ መሰላቸው።

«ሰው እኮ እየሣቀብን ነው» አለችው በሦስተኛው ቀን። «በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሸኝተኸኝ አታውቅም። ወይ ሌላ ሴት ወድደሃል፣ ወይ አንድ ነገር ደብቀኸኛል።»

«የፊተኛው ቢሆን ይሻል ነበር።»

ነገራት። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው የነገራት፤ እንደ ልማዱ በቁጥር፣ በቀዳዳና በፒን። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። መምህርት ስለሆነች ያልገባትን ትጠይቃለች፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«እኔን አንተ ትጠብቀኛለህ። ሌላውን ማን ይጠብቀዋል?»

ያን ዕለት ቢሮ እንደደረሰ በአንድ ንጹሕ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመረ። በመሥመሩ ላይ የሚነዱት ነጂዎች አሥራ አንድ ናቸው። በየስማቸው ትይዩ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ አደረገ። ከላይ በቀለም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አረንጓዴው መብራት ደረጃው መታጠፉን አያሳይም። እስኪስተካከል ድረስ በመስተዋት እያዩ፣ ከተጠራጠሩም ወርደው አይተው ይነሡ።» ይህን ሲያነብለት አንጋፋው ነጂ «አሁን ገና ማንም የማይስተው ነገር ጻፍክ» አለው። ጋሽ ሚሊ ቀና ሳይል «ሦስት ዓመት ዘግይቼ» ብሎ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው።

ሥራ ሲወጣ በየዴፖው፣ በየማረፊያ ክፍሉ፣ አንዱንማ ፀጉር አስተካካይ ቤት ውስጥ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ሳለ አግኝቶ አስፈረማቸው። «ጋሼ፣ መላጨቴን ልጨርስና» ቢለው፣ «ፂምህ ይጠብቃል» አለው። ከነጂዎቹ አንዱ ሲፈርም «ቆመንም እኮ ሁልጊዜ ይበራል፤ እኛ እንዲህ ተደርጎ የተሠራ መስሎን ነው» አለ። ያን ሌሊት ጋሽ ሚሊ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አሥራ አንድ ሰው በየቀኑ እያየው፣ ሁሉም ስለገባው ማንም አልጠየቀም።

እስከ ኅዳር 16 ድረስ አሥሩ ፈረሙ። አሥራ አንደኛው ሳንባው ታሞ ቤቱ ተኝቷል። ሕመምተኛ አይነዳም፤ «እስኪድን መጠበቅ ይቻላል» አለ ጋሽ ሚሊ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ፊውዝ ስልክ ደወለ። «ያ በሽተኛህ ነገ ሥራ ይገባል አሉ። የጠዋቱን ባቡር ነው የሚይዘው።» የጠዋቱ ባቡር የባለቤቱ ባቡር ነው። እርሳሱን ያስቀመጠው ያኔ ነው።

የነጂው ቤት ከአንድ ከፍተኛ መሳፈሪያ ካለው ጣቢያ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም። በሩን የከፈተችው የነጂው ሚስት ናት፤ ባሏ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ነገ ይገባል ተባልኩ» አለ ጋሽ ሚሊ።

«ማን ነው ያለው?» አለች ሚስቱ። «ሐኪሙ ዛሬ አምስት ቀን ጨምሮለታል። ዕቃ እንኳ አያነሣም።»

«ልግባ ብዬ ነበር እኮ» አለ ነጂው እያሳለው። «እሷ ናት ያስቀረችኝ።»

ቢሆንም ጋሽ ሚሊ ሠንጠረዡን አውጥቶ አነበበለት። ነጂው አዳምጦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ። ፈረመ። አሥራ አንደኛው ቦታ ሞላ። ጋሽ ሚሊ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከተው ሲል ነጂው፣ «ለሰውዬውስ ነግረኸዋል?» አለው።

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«በእኔ ፈንታ ለሚነዳው። ከሌላ ዴፖ የመጣ ነው። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ እሱ ይዟታል፤ ለአምስት ቀን ደግሞ ተጨመረለት።»

ጋሽ ሚሊ ሠንጠረዡን እንደገና ዘረጋው። አሥራ አንድ ስም፣ አሥራ አንድ ፊርማ፤ አንድም የጎደለ የለም። የመዘገበው የነጂዎቹን ስም እንጂ የሥራ ተራዎቹን አልነበረም። ከታች፣ ከመሥመሩ ውጭ፣ በእስክሪብቶ አሥራ ሁለት ቁጥርን ጻፈ። ትይዩው ባዶ ነው።

«ስሙ ማን ነው?»

«እኔ አላውቀውም። ጣቢያ ያለችው የተራ መዝጋቢ ታውቀዋለች።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በምርመራው መዝገብ ላይ አለ። ተተኪው የሚነዳው ባቡር አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ጣቢያው ደረሰ፣ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ተነሣ። መሳፈሪያው በሰው ተሞልቶ ስለነበር ጋሽ ሚሊ ወደ ነጂው መድረስ አልቻለም፤ መጨረሻው ፉርጎ ላይ ተሳፈረ። አጠገቡ ለቆመ ሰው «ቀጣዩ ጣቢያ ወርጄ ወደ ፊት እሄዳለሁ፣ ነጂውን እፈልገዋለሁ» ብሏል። ቀጣዩ ጣቢያ መሳፈሪያው ዝቅተኛ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ፣ የጋሽ ሚሊ አንድ እግር በደረጃው፣ አንድ እግሩ ገና በአየር ላይ እያለ፣ ነጂው የማጠፊያውን ቁልፍ ተጫነ። መብራቱ ጥፍት ብሎ በራ፤ ባቡሩም ተነሣ። ነጂው በቃሉ «መብራቱ በርቶ ነበር» ብሏል፤ እውነቱን ነው። በማግሥቱ ዐርብ ሠላሳ ስድስቱም ፉርጎ እንዲቆም ታዘዘ። ትእዛዙ አንድ ገጽ ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ አለበት። ሠንጠረዡ ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ ተገኝቷል፤ አሥራ ሁለተኛው መሥመር ላይ ስም አለ፣ ፊርማ የለም።

ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። ከነጂው ቤት ሊወጣ ሲል የነጂው ሚስት ደረጃው ላይ ተከትላው መጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ወደ ጣቢያ ከሆነ የሚሄዱት፣ ይቺን የሕመም ፈቃድ ለተራ መዝጋቢዋ ያድርሱልኝ። ዛሬ ካልገባች ቀርቷል ተብሎ ይጻፍበታል። እኔ ጥዬው መውጣት ፈራሁ።»

«በደስታ» አለና ወረቀቷን እንዳትታጠፍ በደብተሩ መካከል አኖራት።

ጣቢያው ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የተራ መዝጋቢዋ በመስኮቱ በኩል ፈቃዱን ተቀብላ አየችው። ጋሽ ሚሊ በዚያው ስለ ተተኪው ነጂ ጠየቃት፤ ስሙን ነገረችው፣ እሱም በአሥራ ሁለተኛው መሥመር ላይ ጻፈው።

«አሁን የት አገኘዋለሁ?»

«እየመጣ ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።» ማኅተሟን አንሥታ ፈቃዱ ላይ መታችና ወደ መዝገቧ ልትከተው አለች።

«ይቅርታ እኅቴ፣ ቀኑ አይነበብም» አላት። «ነገ ሰው ቢጠይቅ አሥራ ዘጠኝ ይሁን አሥራ አምስት አይለይም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነዎት እርስዎ?» ብላ ሣቀች። ማኅተሙን በጨርቅ ጠርጋ፣ ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ፣ እንደገና መታችው። በዚህ ጊዜ ጥርት ብሎ ወጣ። ጋሽ ሚሊ በመስታወቱ ጎንበስ ብሎ አነበበውና አመስግኗት ከመስኮቱ ዘወር አለ።